የቤት እንቁላል

በቲያንጂን የማሾ ቂጣ የሚበላ ሰው ቂጣው ላይ የሚሰበረውን እንቁላል ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ጁሜይ በሠፈሩ መግቢያ ጋሪዋን አቁማ በምትጋግርበት ዘመን፣ የትኛው እንቁላል የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ልጇ ዜቻንግ ጋሪውን ሱቅ፣ ሱቁንም ሃያ ሱቅ ካደረገው ወዲህ ግን በየበሩ «የውጭ እንቁላል አንቀበልም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሊጡም ከፋብሪካ በከረጢት በሚመጣ ዱቄት ይበጠበጣል።

ዛሬ ከሃርቢን የመጣችው ነጋዴ ዪን ስማቸውን ተከራይታ በራሷ ከተማ ቅርንጫፎች ለመክፈት ልትፈርም ነው። የዱቄት ፋብሪካቸው በብድር የተስፋፋው ይህ ውል ይፈረማል ተብሎ ነበር፤ ካልተፈረመ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል።

«እማዬ፣ ከጠየቀችሽ አንድ ነገር ብቻ በይ» አላት ዜቻንግ ጠዋት ኮሌታዋን እያቃናላት። «የከረጢቱና የእጅሽ ጣዕም ያው ነው በይ።»

«አስረጂኝ ብትለኝስ?»

«ሳቅ በይ። ስትስቂ ሰው ያምንሻል።»

ሱቁ ውስጥ፣ ግድግዳውን በሞላው ፎቶግራፏ ሥር ከእንግዳዋ ጋር አስቀመጣት። ወዲያው ሽማግሌው ሙ ገባ። ከድሮም የጋሪዋ ደንበኛ ነው፤ ልጁ ዘንድ ሌላ ከተማ ከርሞ መመለሱ ነበር። በሁለት እጁ ሁለት እንቁላል ይዟል።

«እህቴ፣ እነዚህን ስበሪልኝ» አላት በዕድሜ የልጅ ልጁ ልትሆን የምትችለውን ገንዘብ ተቀባይ። በቲያንጂን አጠራር ሴት ሁሉ እህት ናት።

«አባት፣ የውጭ እንቁላል አይፈቀድም።»

«የምን ውጭ? ከወጥ ቤቴ ነው የመጣው።»

«ሕጉ ነው።»

«እንግዲህ ዶሮዋ መታወቂያ ታውጣ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ዪንም ሳቀችና ወደ ዜቻንግ ዞራ ሽማግሌው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እንጃ፣ ደንበኛ መሰለኝ» አለ ዜቻንግ፣ በልጅነቱ በሙ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው። ጁሜይ ጠረጴዛውን ተመለከተች።

ሙ ግን አይቷት ነበር። «ጁሜይ፣ ፎቶሽ ካንቺ ወፈረ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። ዜቻንግ ፈጥኖ ቂጣ አስመጣለት።

«አባት፣ የድሮውን ቀምሰዋል ማለት ነው» አለች ዪን። «ያው ነው?»

ሙ እንቁላሎቹ እንዳይንከባለሉ ቆቡ ውስጥ አኖራቸው። ቆርሶ ጎረሰ። ለአንድ ጉርሻ ከሚበቃው በላይ አኘከ።

«ያው ነው» አለች ጁሜይ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ልጇ እንዳዘዛትም ሳቀች።

ሙ ቀና ብሎ አያት፤ ጉርሻውን ዋጠ። «ያው ነው» አለ። «እንዲያውም ተሻሽሏል።»

በጋሪው ዘመን ሊጧ ጥቂት እንኳ ሲኮመጥጥ ሰልፈኛው እየሰማ የሚነግራት እሱ ነበር። በቂጣ ነገር አንድም ቀን ምሯት አያውቅም። ዛሬ ማራት።

ዪን ብዕሯን አወጣች። ሙ የተረፈውን ቂጣ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ እንቁላሎቹን ከቆቡ አውጥቶ ቆቡን ደፋና በየእጁ ያዛቸው። እጆቹ ስለተያዙ በሩን መክፈት አልቻለም። ጁሜይ ተነሥታ ከፈተችለት።

«እጅሽን ይባርከው» አላት እንደ ድሮው፣ ሲያልፋት።

ጎዳናውን ተሻግሮ እስኪሰወር ድረስ ቆመች። ብርዱ ገባ። ከኋላዋ ዜቻንግ ለፎቶግራፍ ይጠራታል።

«እህቴ፣ ዝጊው እንጂ» አለ ከሰልፉ አንዱ።