ብሎኑ እስኪቀዘቅዝ

«ታመው ነበር እንዴ?» አሉ አዲስ የገቡት ሴት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ከጊፍቲ አጠገብ ፍራሹ ላይ እየተቀመጡ።

«አልታመመም» አለች ጊፍቲ።

«ታዲያ እንዴት ሆነ?»

«ሥራ ላይ ነበርን። ቁጭ ባለበት ነው።»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ቁጭ ባሉበት አረፉ! ወይ ጉድ! ቁጭ ባሉበት!»

ጊፍቲ ዓይኗን ከፍራሹ ላይ አላነሳችም። አባቷ ሰኞ ሞቶ ማክሰኞ ተቀበረ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለሰች አታውቅም። መጀመሪያ ላይ መልሷ ረጅም ነበር፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ታክሲው ስለ መዘግየቱ ሁሉ ታወራ ነበር። እያጠረ እያጠረ መጥቶ «ቁጭ ባለበት ነው» ብቻ ቀረ። ሰዎቹ በምላሹ «አረፉ» ሲሉ ግን ቃሉን ላለመስማት የፍራሹን ክር መምዘዝ ትጀምራለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረችም።

የዕድሩ ድንኳን ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ተተክሏል። ወንዶቹ በመግቢያው በኩል ካርታ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ተደርድረዋል። የከተማው ባቡር በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ወሬው ለአፍታ ይቋረጥና መልሶ ይቀጥላል።

«ልጅቱ እኮ እስካሁን አላለቀሰችም» አለች ከኋላ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ደንግጣ ነው። አብራው ነበረች አሉ።»

«ቢሆንስ! አባት እኮ ነው።»

ጊፍቲ ሰምታለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር። ቀብር ላይ እናቷ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ራሷን ስትጥል፣ ከጊንጪ የመጡት አክስቶቿ ደረታቸውን ሲደቁ፣ እሷ ቆማ የሬሳ ሳጥኑን ብሎኖች ታይ ነበር። አራት ናቸው። አንደኛው በደንብ አልጠበቀም። በዚያ ሰዓት ያሰበችው ይህንን ብቻ ነው።

ከአባቷ ከጃርሶ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ከቴክኒክ ተቋም ስትመረቅ ዘመድ ሁሉ «የጭነት መኪና ጋራዥ ለሴት ልጅ አይሆንም» ብሎ ነበር። ጃርሶ ከማንም ጋር አልተከራከረም። በማግስቱ በእሷ ልክ የተሰፋ ሰማያዊ ቱታ ይዞ መጣና አልጋዋ ላይ አስቀምጦላት ወጣ። ሰውዬው እንዲህ ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፤ ከብረት ጋር ግን ያወራል። «ና እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል» ይለዋል፣ አልፈታ ያለውን ብሎን።

ጋራዥ ይባል እንጂ ቦታው ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሰኞ ጠዋት እዚያ ግቢ መሀል የአብዱልጀባር የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ከጊፍቲ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አሸዋ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ነው። የጭስ ማውጫውን ከሞተሩ ጋር አጣብቀው ከሚይዙት ብሎኖች ስድስቱ ተሰብረው፣ ጉማጆቻቸው ሞተሩ ውስጥ ቀርተዋል። ጭሱ በክፍተቱ እየወጣ ሾፌሩን ሲያስለው ከርሟል። ሁለት ጋራዥ ሞተሩን ገልጠው አይተው «አይወጣም፤ የሞተሩ ራስ ይቀየር» ብለው ነበር። መኪናው ገና የመጣ ዕለት ጃርሶ ባትሪ እያበራ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና «ይወጣሉ» አለ።

አራቱ ቅዳሜ ወጡ። በተሰበረው ጉማጅ ጫፍ ላይ ዳዶ፣ የብሎን ማሰሪያ ቀለበት፣ ያስቀምጥና ይበይደዋል። የብየዳው ግለት ስንት ዓመት የተጣበቀውን ዝገት ያላቅቀዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሲበርድ ዳዶውን በቁልፍ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንደገና ትንሽ ወደ ፊት።

ሰኞ፣ አምስተኛው ላይ ጊፍቲ ቸኮለች። ገና ሳይበርድ ቁልፉን አስገብታ ጠመዘዘችው፤ ዳዶው ከነብየዳው ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ።

«አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸባት። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። «የጋለ ብረት ለስላሳ ነው፤ ሲነኩት ይበጠሳል። ስንቴ ልንገርሽ? መጠበቅ የማትችይ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጊ!»

እንደገና በየደው፤ ጠበቀ፤ አወጣው። ቀጥሎ ስድስተኛውን፣ የመጨረሻውን በየደ። የብየዳ መከላከያውን ከፊቱ ላይ አነሳና ከመኪናው ጎን በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን መኪናው ላይ አስደገፈ፤ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ።

«በይ፣ እሱ ይቀዝቅዝ፤ እኔም ትንሽ ልረፍ» አለ።

* * *

በዚያው ረቡዕ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አብዱልጀባር ወደ ድንኳኑ ገቡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። እንዳለች ፊት ቀርበው «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አሉና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ቆየት ብለው ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ጊፍቲ ሰማች።

«አንድ ጊዜ አዋሽን አልፎ መኪናዬ ቆመብኝ። ደወልኩለት። የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ በአውቶቡስ መጣ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ሠራ። ውኃ ስሰጠው እንኳ ቀና አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ሊወጡ ሲነሱ ጊፍቲ ተከትላቸው ወጣች።

«ጋሽ አብዱልጀባር፣ መኪናውስ?»

«ተይው ልጄ፣ አሁን የመኪና ወሬ ነው? ነገ ጎታች ይመጣል፤ ወደ ሌላ ጋራዥ አስወስደዋለሁ። እናንተን ማስቸገር አልፈልግም።»

«እዚያ ወስደው ምን ያደርጉታል?»

«በትራፓኖ እንበሳዋለን ብለዋል። ካልሆነም የሞተሩ ራስ ይቀየራል።»

«አንድ ብሎን ነው የቀረው» አለች ጊፍቲ። «እስክመጣ እንዳያስነሱት። ነገ እመጣለሁ።»

«በሠልስቱ?» አሉ አብዱልጀባር። ፊቷን አዩ። «እሺ፣ እጠብቅሻለሁ።»

አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀንስ እናቷ ጎኗን እንድታሳርፍ ብለው አክስቶቿ ወደ ቤት አስገቧት። ጊፍቲ ውኃ ይዛላት ገባች። እንዳለች አልጋው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«ጊፍቲ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ? ስሜን ጠራ?»

ጊፍቲ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ሰኞ አባቷን ላየው ሐኪም ዋሽታለች። «መቼ ነው የወደቁት?» ሲላት «አሁን» ነው ያለችው። ለአክስቶቿም ዋሽታለች። ለእናቷ ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

«ትንሽ ልረፍ ነው ያለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተኛ። የተኛ መሰለኝ፣ እማዬ። ብሎኑ እስኪቀዘቅዝ ሁልጊዜ ያሸልብ የለ? አሥር ደቂቃ ተኝቶ ራሱ ይነሳ የለ? ከዚያ በፊት ‹ቸኩለሽ አበላሸሽ› ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። አሁንስ እጠብቃለሁ ብዬ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ ሆነ። እየፈተነኝ ነው አልኩ። መጠበቅ እንደምችል ላሳየው ብዬ...» ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «አርባ ደቂቃ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ ‹አባዬ፣ ቀዝቅዟል እኮ› ብዬ እጁን ነካሁት።»

«ቀዝቅዟል» የሚለው ለአባቷም እንደሚሆን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። እሷ ብሎኑን ነበር ያለችው።

እንዳለች ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ዓይኗ ፈጥጧል።

«አርባ ደቂቃ?»

«እማዬ...»

«አጠገቡ? አርባ ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ?»

እናቷ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጥታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። በሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ልጇን ቀና ብላ አላየቻትም።

* * *

ሐሙስ ሠልስት ነው። ጠዋት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ደርሶ ተመለሱ። ስትሄድም ስትመለስም እንዳለች በሁለቱ አክስቶች ተደግፋ ከፊት፣ ጊፍቲ ከኋላ ነበሩ። ምሳ ተበልቶ፣ የሩቅ ሰው ተሰናብቶ፣ የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ሲጀምሩ ጊፍቲ ተነሳች። «የት ልትሄጂ ነው?» ብለው አንዷ አክስቷ ጠየቁ። «እመለሳለሁ» አለች።

ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች በእግሯ ሄደች። ጎታቹ መኪና ከግቢው በር ላይ ቆሟል። አብዱልጀባር ሰኞ በእጃቸው የቀረውን የግቢውን ቁልፍ ይዘው ይጠብቋት ነበር። በሩን ከፈቱላትና ወደ ጎን ዞር አሉ።

ሁሉም እንዳለ ነው። የብየዳ መከላከያው መሬት ላይ ተጋድሟል። አሮጌው ጎማ እዚያው ነው፤ የአባቷ ጀርባ ያረፈበት የመኪናው ጎን ላይ አቧራው ተጠርጓል። ብሎኑ ጋ ለመድረስ ከጎማው አጠገብ መንበርከክ አለባት። ቀሚሷን ሰበሰበች። ከዚያ ተንበረከከች።

ስድስተኛው ጉማጅ ከነዳዶው ሞተሩ ላይ አለ። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ዙሪያውን በእኩል የዞረ፣ አንድም ቦታ ያልተንጠባጠበ። ይህንን ሠርቶ ነው የተቀመጠው። ልቡ እያመመው ነበር? እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ብየዳው ምንም አይናገርም።

ቁልፉን አስገባች። ብዙ እንደምትታገል አስባ ትከሻዋን አዘጋጅታለች፤ ቢበጠስስ ብላ ፈርታለች። ትንሽ ገፋ አደረገችው።

ዞረ።

ምንም ኃይል አልፈለገም። ወደ ኋላ መለሰችው፤ ተመለሰ። ቁልፉን አወጣችና ዳዶውን በሁለት ጣቷ ያዘችው። በጣቷ እየዞረ፣ ቀይ የዝገት ዱቄት እያራገፈ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። የዚያን ቀን የሰጠው ግለት አላቆት ነበር። ሥራው ሰኞ ጠዋት አልቋል። የቀረው ማንሳት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ጮኸች። ድምፁ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። እንደተንበረከከች ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ «አባዬ! አባዬ!» እያለች አለቀሰች። ከበሩ ላይ አብዱልጀባር ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው ወደ ጎታቹ ሾፌር ሄዱና «ሂድ፣ አያስፈልግም» አሉት።

ስትረጋጋ ቀርበው አጠገቧ ቆሙ።

«የጭስ ማውጫውን እገጥመዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ትንሽ ቀን ይስጡኝ።»

«የፈለግሽውን ያህል» አሉ። «አባትሽን አስቸኩዬው አላውቅም።»

ስትመለስ ድንኳኑ ግማሹ ወርዶ ነበር። የቅርብ ዘመዶች ብቻ በሕንፃው መግቢያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አክስቷ ገና ከሩቅ አይተዋት ደነገጡ።

«ምን ሆነሽ ነው? እጅሽ ምንድነው? በአባትሽ ሠልስት!» በጆግ ውኃ ይዘው ተነሱ። «ነይ ታጠቢ፣ ሰው ሳያይሽ።»

እንዳለች እጇን ዘርግታ ጆጉን ከአክስትየዋ ተቀበለች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። የቀላውን ዓይኗን፣ ግንባሯ ላይ የተቀባውን ጥቀርሻ፣ እስከ አንጓዋ የጠቆረውን እጇን አየች።

«ብሎኑ ወጣ?» አለቻት።

«ወጣ፣ እማዬ። በጣቴ ነው የወጣው። አላቆት ነበር።»

እንዳለች ራሷን ነቀነቀች።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር» አለች በተዘጋው ድምፅዋ፣ «እንቅልፍ ሲወስደው ቀስቅሼው አላውቅም። ደክሞታል እላለሁ፤ ይተኛ እላለሁ። እኔም ብሆን አልቀሰቅሰውም ነበር፣ ጊፍቲ።»

ጊፍቲ እንድትታጠብ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች። እናቷ ጆጉን አዘነበለች፤ ውኃው ሊፈስ ሲል መልሳ ቀና አደረገችው። መሬት ላይ አስቀመጠችው። የልጇን እጆች፣ ዘይትና ዝገት እንደሸተቱ፣ በሁለት እጇ ያዘችና ፊቷን ከተተችባቸው።