የሙሽራ ፒካፕ

የሌሊሴ ሰርግ ሲቃረብ ትልቁ ጣጣ የሙሽራ መኪና ሆነ። አጎቷ ገዳና አክስቷ አልማዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ተስማምተው ግን አያውቁም። ዘንድሮ ደግሞ ሁለቱም ግዙፍ ፒካፕ ገዝተዋል፤ እሱ ፎርድ፣ እሷ ቱንድራ። ሁለቱም «ሙሽራዋን የምወስደው እኔ ነኝ» ብለው ድርቅ አሉ።

«እንግዲያው ቅዳሜ አምጧቸውና ልያቸው፤ ባማረው እሄዳለሁ» አለች ሌሊሴ፣ ተሳስቀው ይለያያሉ ብላ።

ቀራንዮ ያለው የቤታቸው ቅያስ መኪና ከመኪና አያሳልፍም። ቅዳሜ ጠዋት ገዳ ከላይ፣ አልማዜ ከታች ገቡና ልክ በሩ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ።

ሌሊሴ ወጥታ ዞር ዞር አለች። የአጎቷ መኪና ኮፈን አገጯ ድረስ ይደርሳል። የፊቱ ፍርግርግ የግቢ በር ያክላል፤ መብራቶቹም እንደተቆጣ ሰው ቁልቁል ያፈጣሉ። ጋቢናው ሰፊ ነው፤ የጭነት ቦታው ግን ገና ሲጀምር ያልቃል።

«አጎቴ፣ ፊቱ ግርማ አለው። ኋላው ግን ጨርቅ ያነሰው ሱሪ መሰለ።»

አልማዜ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሳቀች።

«እርስዎም አይሳቁ፣ አክስቴ። የእርስዎ ኋላው ረጅም፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ለትከሻው አነሰ።»

ሁለቱም አኮረፉ። ይባስ ብሎ ከገዳ ኋላ የውሃ ጀሪካን የጫነ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ስለዚህ ወደኋላ መውጣት ያለባት አልማዜ ሆነች። አልማዜ ደግሞ የመኪናዋ ጫፍ ስለማይታያት ወደኋላ መንዳት ትፈራለች። ይህን ለወንድሟ ከምትናገር እዚያው ብታድር ይሻላታል። መሪውን አጥብቃ ጨበጠች።

ሌሊሴ ፊቷን አይታ ገባት። «አጎቴ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ሆነው ቢያሳዩዋት።»

ገዳ እያጉረመረመ ወርዶ ዞረ። «ነይ... ነይ... ወደ ቀኝ ያዢ... አጥሩን እንዳትነኪ፣ ቀስ።» እስከ አስፋልቱ ድረስ የኋሊት እየሄደ፣ ዓይኑን ከመኪናው ጀርባ ሳይነቅል አወጣት። ሲደርሱ የኋላ መዝጊያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ከዚህ በኩል ሲያዩት ግን ሸጋ ነው» አለ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

አልማዜ የግንባሯን ላብ ጠረገች። «ያንተም ከፊት ሲመጣ እውነቱን ለመናገር መንገድ ያስለቅቃል።»

በሰርጉ ቀን በፊቱ የሚያምረው የገዳ ፎርድ መራ፤ በጀርባው የሚያምረው የአልማዜ ቱንድራ ከኋላ ዘጋ። መሃል ላይ ሌሊሴና ሙሽራው ኤልናታን በጓደኛቸው ትንሽ ቪትዝ ተቀመጡ። ዘነበወርቅ ላይ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ሙሽራዋን ፍለጋ የሁለቱንም ፒካፕ ጋቢና በዓይናቸው በረበሩ። ሌሊሴ ከታች፣ ቬሎዋ መስኮቱን ሞልቶት፣ የጠበባትን ጫማ አውልቃ እየሳቀች አለፈቻቸው።