ባልዲ ቁጥር አርባ አንድ

የሰማም ያልሰማም ይወቀው! ማክሰኞ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ከሩብ፣ በእፅዋት ምርምር ተቋሙ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ባልዲ ቁጥር አርባ አንድ ሃያ ሦስተኛ ቅጠሉን አወጣ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ጠባዩ ጨዋ፣ ጤናው የሚያስመሰግን ነው። ዜናው በመዝገብ ሰፈረ፣ ቀን ተጻፈበት፣ ተፈረመበት፣ ከዚያም በኮሪደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራቱም ማዕዘን ተለጠፈ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ሰው አነበበው። እሱም የጻፈው ሰው ነው።

የጻፈው ሰው የተቋሙ የዝንጅብል ተመራማሪ ነበር። ፊት ለፊት "ዶክተር" ይሉታል፤ ዞር ሲል "አባ ዝንጅብል"። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥር ሲፍቅ፣ ሲፈጭና ሲጨምቅ ስለኖረ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ቢጫ ናቸው። በሠርጉ ዕለት ጓንት ያደረገው ለወግ ሳይሆን ለእርዱ ነው እያሉ ባልደረቦቹ ያሙታል። እውነታቸውን ነው።

የዝንጅብል ቤተሰብ እንደማንኛውም ቤተሰብ ነው። ዝንጅብል ስም ያለው ታላቅ ወንድም ነው፤ በየጓዳው ይታወቃል፣ ለጉንፋንም ለሆድም ይጠራል። እርድ የነካችውን ሁሉ ሳታቀልም የማትለቅ እህት ናት። ሄል ደግሞ ሽቶዋን ሳትቀባ ከቤት የማትወጣ የአክስት ልጅ። ከነዚህ ወዲያ ሩቅ ዘመዶች አሉ፤ መልካቸው ከቤተሰቡ ጋር ቁርጥ፣ ስማቸውን ግን የሚያውቅ የለም። ባልዲ ቁጥር አርባ አንድ ከነዚህ አንዱ ነበር።

ዶክተሩ ያገኘው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ገበያ ውስጥ ነው። አንድ ኪሎ ዝንጅብል ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ከመሃሉ አንዱ ሥር አላምር አለው። ሲሰብረው የሎሚ ልጣጭና የተላገ እንጨት ሸተተው። በማግስቱ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተከለው። በቀለም ባልዲ የተከለው፣ የተክል ማሰሮ ግዢው ያኔ "በሂደት ላይ" ስለነበር ነው። አሁንም በሂደት ላይ ነው።

ከሥሩ የወጣውን ጭማቂ ዳቦ ላይ ቀባ። ያልተቀባው ዳቦ በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ጢም አበቀለ፤ የተቀባው እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ድረስ ፊቱን እንደተላጨ ቆየ። ሠላሳ ጊዜ ደገመው፤ ሠላሳውንም ጊዜ ያው ሆነ። ጽፎ ለምርምር መጽሔት ላከ። መልሱ አጭር ነበር፦ "እጅግ ግሩም ሥራ ነው። ለመሆኑ ተክሉ ማን ይባላል?"

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቅጠል ምስክር አይሆንም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጠል ነው የለበሱት። ስም የሚያወጡት ሊቃውንት የሚያምኑት አበባን ብቻ ነው። ቅጠል ላከላቸው፤ "አበባ ይላክ" አሉት። በላቦራቶሪ ዘረመሉን አስመርምሮ ውጤቱን ላከ፤ "ዘመድነቱ ተረጋግጧል፣ አበባ ይላክ" አሉት። አርባ አንድ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላበበም። ዶክተሩ ካሜራ ከጣሪያው አንጠልጥሎ በየሰዓቱ ፎቶ ያስነሳዋል። እስካሁን ሰባ ስምንት ሺህ ገደማ ፎቶ አለው። ሁሉም ምንም የሌለበት የግንድ ጫፍ ነው።

የዚያኑ ዕለት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዳይሬክተሯ አስጠራችው።

"ዶክተር፣ ለእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሃያ ዘንባባ ታዟል። ዓርብ ይገባል" አለችው። "እስኪለምድ የመስታወቱ ቤት ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ ስም የሌለውና አበባ የሌለው ባልዲ ሁሉ ዓርብ ጠዋት ይወጣል።"

"አርባ አንድም?"

"በተለይ አርባ አንድ። ስም የለው፣ አበባ የለው፣ ቦታ ይይዛል፣ ውሃ ይጠጣል። እንዲህ ያለ አጎት ነበረኝ፤ እሱንም በመጨረሻ አስወጥተነዋል።"

"ከዚያ ቤት ከወጣ በሳምንት ይደርቃል። ሦስቴ ቁራጭ ቤቴ ወስጄ ሞክሬያለሁ፤ ሦስቱም ሞተዋል። ደግሞ ሌላ የለም፤ ያለው እሱ ብቻ ነው።"

ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው። "እሺ፣ እስከ ዓርብ ካበበ ይቆይ" አለች። ውሃ ሽቅብ ከፈሰሰ እንደማለት ነው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከራት ሳህኗ አጠገብ የተማሪዎቿን የሒሳብ ፈተና ዘርግታ እያረመች ነበር።

"ዓርብ ሊያስወጡት ነው" አላት።

"ማንን?"

"አርባ አንድን።"

"ኧረ በሞትኩት! እኔ ደግሞ ሰው ነው ብዬ ክው አልኩ።" ፊቱን ስታይ ግን ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነችው። "ና ቁጭ በል፤ ብላ። እኔን ለማግባት ስድስት ወር አልታገሥክም፤ እሱን ዘጠኝ ዓመት ጠበቅከው። ስንት ቀን ቀረው?"

"ሁለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"እንቁላሉማ ቢሆን እስካሁን ጡረታ ወጥቷል።" ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። "ለመሆኑ ዘመዶቹ ከየታቸው ነው የሚያብቡት?"

"አንዳንዱ ከግንዱ ጫፍ ነው።"

"አንዳንዱስ?"

"አንዳንዱማ ከሥር... ከአፈሩ..." ዳቦው አፉ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"ካሜራህስ የት ነው የሚያየው?"

"ጫፉን።"

"በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ!" አለች ሚስቱ፤ ቀሪውን ልትጨርሰው አላስፈለጋትም።

"አይ፣ ታች እኮ ምንም የለም!" ሲል ተሟገተ። "በየቀኑ ነው የማየው። አፈሩ እንደ ተጠረገ ግቢ ነው።"

"የተጠረገ ግቢማ" አለች ፈተናዎቿን ወደ ራሷ እየሳበች፣ "የሚጠርገው ሰው አለው።"

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሩ ከወትሮው ቀድሞ የመስታወቱ ቤት ደረሰ። አትክልተኛው ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው ከማንም በፊት ገብተው፣ በአንድ እጃቸው የውሃ ጎማ በሌላው መቀስ ይዘው በባልዲዎቹ መሃል ይዞራሉ። ከመቀሱ ተለይተው የታዩበት ቀን ስለሌለ ስማቸው ጋሼ መቀስ ሆኖ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?"

"ይመስገን። ምነው በጠዋቱ? ቅጠል ጨመረ እንዴ?"

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከአርባ አንድ ሥር፣ ከአፈሩ፣ የሚወጣ ነገር አይተው ያውቃሉ?"

"አበባውን ነው?"

ዶክተሩ አጠገቡ የነበረውን የእርድ ባልዲ ተደገፈ።

"አበባ?" አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

"አበባ ነዋ። ነጭ፣ ጉሮሮው ቢጫ። ዝናቡ ሲጀማምር ይመጣል፤ በዓመት ስድስት ሰባት ቀን። ጎህ ሲቀድ ይፈካል፤ እኔም ወዲያው ቆርጬ አነሳዋለሁ።"

"ለምን ያነሱታል?!"

ጋሼ መቀስ የውሃውን ጎማ ዘጉ። ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱና ከበሩ ጀርባ የተለጠፈ፣ ጠርዙ በእርጥበት የተጠቀለለ ወረቀት በመቀሳቸው ጫፍ አመለከቱት። ዶክተሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ "መመሪያ ቁጥር ስድስት። በባልዲዎቹ አፈር ላይ፣ ከዋናው ግንድ ውጭ የሚታይ ማናቸውም ነገር በታየበት ዕለት ተነቅሎ ይነሳ።" ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው ሰፊ፣ ኩሩ፣ ጭራው እንደ ድመት የተጠመዘዘ ነው። የራሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አረም ባልዲዎቹን ሊፈጅበት ሲል የጻፈው ነው።

"የሚታይ ነው የሚለው" አሉ ጋሼ መቀስ። "እንቡጡ አፈር ውስጥ ነው፤ አይታይም፣ አልነካሁትም። ሲፈካ ይታያል፤ ያኔ መመሪያ ነው።"

"አበባ መሆኑን እያወቁ! እኔ ዘጠኝ ዓመት አበባ ስጠብቅ!"

"ሠላሳ ዓመት አትክልተኛ ነኝ፤ አበባ ይጠፋኛል? አንተ ግን አንጋጠህ ነው የምትጠብቀው። ካሜራውም ወደ ጫፉ ነው። ከላይ የሚመጣ፣ ለተማረ ሰው የሚሆን ሌላ ትልቅ አበባ አለ ብዬ ነው። ይሄማ የአፈር ነገር ነው።"

ዶክተሩ ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን በማን ላይ? በር ላይ የተለጠፈው ጠበቃ የእሳቸው ነው። "ዘንድሮስ?" አለ በመጨረሻ። "ዘንድሮ አልቋል?"

"ሰኞ አንድ፣ ትናንት አንድ አነሳሁ።"

"ትናንት? ማስታወቂያ የለጠፍኩ ዕለት?"

"ከሰዓት ሳልፍ አንብቤዋለሁ። ቅጠሉም ቆንጆ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ።" ጋሼ መቀስ ጎንበስ ብለው የአርባ አንድን አፈር በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉ። "ዛሬ የለም። ግን እዚህ ጋ ተሰነጣጥቋል፤ ታየህ? ነገ ሁለት ይሆናሉ።"

ዶክተሩ ያን ቀን ሥራ አልሠራም። መመሪያ ቁጥር ስድስትን ከበሩ ላይ ላጠው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ካሜራውን አወረደው። በአልኮል የተሞላ ብልቃጥ፣ ማስመሪያ፣ መቆንጠጫና ማጉያ መነጽር አዘጋጀ። አዘጋጅቶ ሲጨርስ አፍርሶ እንደገና አዘጋጀ።

ሐሙስ ወፍ ሲንጫጫ ዶክተሩ በሆዱ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ነበር። ጋሼ መቀስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ አዋላጅ ይጠብቃሉ። መስታወቱ ከግራጫ ወደ ነጭ ሲለወጥ አፈሩ ላይ ያለው ስንጥቅ ሰፋ፤ ከመሃሉ ጥፍር የምታህል ነገር ብቅ አለች። ከዚያ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ቀስ ብላ ተዘረጋች። አበባዋ አውራ ጣት አትሞላም፤ ነጭ ሆና ብርሃን ታሳልፋለች፣ ከንፈሯ ወደ ታች የተጠቀለለ ነው፤ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ ቀጭን ሮዝ መስመሮች። ጥቂት ቆይቶ እህቷ ተከተለች። ሽታቸው የሎሚ ልጣጭ ነው።

ዶክተሩ ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ አስደገፈ።

"አልቅስ፣ ማንም አያይህም" አሉ ጋሼ መቀስ። "እኔ የማየው አበባውን ነው።"

ሁለት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ ስትገባ ተመራማሪውን በሆዱ ተኝቶ፣ አፈር አገጩ ላይ፣ ማስመሪያ በጥርሱ ነክሶ አገኘችው።

"ዶክተር፣ ደህና ነህ?"

ማስመሪያውን ሳያወጣ በቢጫ ጣቱ አመለከተ። ዳይሬክተሯ ቀሚሷን ሰብስባ አጎነበሰች፤ ከዚያ ተንበረከከች። ብዙ ቆየች። ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ሁለት የአፈር ክብ ነበር፤ አላራገፈችውም።

"ይቆያል" አለች። "አርባ አንድ ይቆያል። መጀመሪያ ግን ስም ይውጣለት፤ ቁጥር እየጠራሁ እንግዳ አላስጎበኝም።"

"ዘንባባዎቹስ?"

"እኔ ቢሮ ይግቡ። ምናልባት እኔም ከእነሱ ጋር ላብብ እችላለሁ።"

ዶክተሩ ለካ፣ ሣለ፣ ስድሳ ፎቶ አነሳ። አንደኛዋን አበባ በመቆንጠጫ ይዞ እንደ ሕፃን ብልቃጡ ውስጥ አስገባት። ለሁለተኛዋ እጁን ሲሰነዝር ጋሼ መቀስ ከበርጩማቸው ተነሱ።

"እሷ የኔ ናት" አሉ።

"ጋሼ፣ ሁለት ያስፈልጉኛል እኮ! አንዷ ለማስቀመጥ፣ አንዷ ለመክፈት።"

"ቅዳሜ ሌላ ይፈካል፤ እሱን ክፈተው። የዛሬዋ የኔ ናት። ዘጠኝ ዓመት ያነሳሁትን ሁሉ ይዤ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን አልቀረሁም፤ ዛሬ ልጀምር?"

ዶክተሩ አበባዋን አየ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ናት። ከዚያ ሽማግሌውን አየ፤ የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀውታል፣ ከሥሩ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው በውሃ ተበጥሯል። ጫማቸው ያበራል። እዚህ ቤት ውስጥ ጫማቸው ሲያበራ ያየ ሰው የለም። ሳቁ መጣበት፤ መቆንጠጫውን አስቀመጠ።

"ይውሰዷት" አለ።

ጋሼ መቀስ ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አወጡ፣ ውሃ ጠብ አደረጉባት፣ አበባዋን በመቀሳቸው ቆርጠው አስቀመጧት። መቀሱንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወደ በሩ አቀኑ።

"ቆይ እስቲ ጋሼ" አለች ዳይሬክተሯ፤ ዓይኗ ከጫማቸው ወደ ፀጉራቸው ይመላለሳል። "በየዓመቱ እንዲህ አምረው፣ በዚህ ማለዳ፣ አበባ ይዘው የት ነው የሚሄዱት? ለማን ነው?"

ጋሼ መቀስ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ።

"አልናገርም" አሉ።