የእርጥበቱ መስመር

ሊሊሴ ጆንያውን በእስክሪብቶ ወጋ አድርጋ እፍኝ በቆሎ አወጣችና ወዲያው ጣለችው። ፍሬው አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ሽታው የሳምንት እርጥብ ካልሲ ነው። የመጋዘኑ አይጦች እንኳ አልቻሉትም፤ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አኖ ከተማ ተሳፍረዋል፣ ረዳቱም ሒሳብ አልተቀበላቸውም ይባላል።

በሩ ላይ ሹፌሩ ጫንያለው አይሱዙውን አስነስቶ ይጠብቃል። ከዚሁ ክምር ስልሳ ኩንታል ጭኗል፤ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያም ለተማሪዎች ገንፎ። የቀረው የመውጫ ወረቀት ነው። የመግቢያውንም የመውጫውንም ወረቀት የሚያትመው ሊሊሴ የምትጠብቀው፣ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው።

"ይሄ እንዴት ገባ?" አለች።

"በቆሎው የመጣበት አንገር ጉቲን ዘንቦ ነበር" አሉ ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ፈየራ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው።

"ዝናብ የመግቢያ ወረቀት አያትምም፣ ኦቦ ፈየራ።"

ቢሮ ገብታ ኮዱን ከፈተች። መቶ ሃያ መስመር የነበረው ዛሬ ወደ ታች ቢጎትቱት የበከኒሳ ቀሴን ሰፈር ዞሮ ይመጣል። ከሦስት መስመር ሁለቱ ፊታቸው ላይ ሃሽ የሚባለው የ# ምልክት ተለጥፎባቸዋል። ፓይተን ሃሽ ያለበትን መስመር እንደ ሰካራም ዘመድ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። በዚህ ቢሮ ደግሞ ኮድ ማጥፋት ነውር ነው፤ ሰው ሃሽ ያደርግበትና "ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል" ብሎ ስሙን ጽፎበት ይሄዳል። ከሷ በፊት የነበረው ኢቢሳ ብቻውን መቶ መስመር ሬሳ ጥሎ ነው የለቀቀው። ኮዱም ከመጋዘኑ እኩል የሚሸት መሰላት።

የፈለገችውን አገኘችው። "እርጥበቱ ከአሥራ ሦስት ተኩል በመቶ ከበለጠ ወረቀት አትስጥ" የሚለው ትእዛዝ ሃሽ ተደርጎበታል። ከጎኑ፦ "ለጊዜው ነው። ሊሊሴ።"

ከሁለት ወር በፊት የእርጥበት መለኪያው ለጥገና አዲስ አበባ ሄዶ፣ መኪኖች ተደርድረው፣ ኦቦ ፈየራ በስልክ ሲጮሁባት ያደረገችው ነው። መለኪያው በሳምንቱ ተመለሰ። ሃሹ እዚያው ቀረ።

"የማን ሥራ ነው?" አሉ ኦቦ ፈየራ ከኋላዋ።

"የኔ።"

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። "ስምሽን አጥፊው። ኢቢሳ ነው እንላለን። እሱ አሁን ጊምቢ ነው፣ አይሰማም።"

ሃሹን አነሳችና የዛሬውን ልኬት፣ አሥራ ስምንት፣ አስገባች። ኮምፒውተሩ "አይወጣም" አለ።

"ኤጋ ሊሊሴ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንዲት ምልክት እኮ ናት። ለዛሬ ብቻ መልሻት።"

"ያን ጊዜም ለዛሬ ብቻ ብለውኝ ነበር።"

"ሲበስል ሻጋታው ይሞታል።"

"መርዙ አይሞትም። እርስዎ ይበሉታል?"

ኦቦ ፈየራ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ጫንያለው አንገቱን በበሩ አስገባ። "እህቴ፣ ወረቀቱን ምን ዋጠው? ሽታው ጋቢና ገብቶ ቁርሴን ሊያስመልሰኝ ነው።"

"ባለፈው ሳምንት የወሰድካቸው ሁለቱ ጭነቶች ተፈጭተዋል?"

"አንዱ ተፈጭቷል። ሌላው ወረፋ ላይ ነው።"

ኦቦ ፈየራ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። "ያ ወጥቷል፣ አልፏል። አትቆስቁሺው።"

ሊሊሴ የሞቱትን መስመሮች እየመረጠች ታጠፋ ጀመር፤ የኢቢሳን መቶም አልማረችም። "ለጊዜው ነው" የሚለው የራሷ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያን ገጽ ሳታጠፋ አተመችው፤ ከሥሩም በእስክሪብቶ ጻፈች፦ "ለሁለት ወር ያለ ልኬት እንዲገባና እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የተፈጨውም ያልተፈጨውም ለልጆች እንዳይሰጥ።" ፈረመችበት።

"ጭነቱን አራግፈው" አለችው ጫንያለውን፣ "ይቺን ደግሞ አሁኑኑ ለወፍጮ ቤቱ አድርስልኝ።"