ከፍየል ጋር ጡት የጣለው ቡችላ

ነገሌ ውስጥ ስለ ውሻ የሚያውቅ ማን ነው ቢባል የሚጠራው የባለቤቴ የወልደገብርኤል ስም ነው። ከብት ይከትባል፣ ነጭ ካፖርት አለው፣ ደብዳቤውም ማኅተም አለበት። ሃያ ሦስት ቡችላ አዋልጄ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ ያን ጊዜ አሬሮ ወርዶ ከሰው በሬ ጋር ይታገላል። ስለዚህ ይህን ታሪክ የምናገረው እኔ ጥሩነሽ ነኝ። ኩራት አበዛች የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከጥፋቴ ልጀምር። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ዳማ የምትባለው ውሻችን ስትወልድ አንዱን ቡችላ ለጉያቱ ሰጠኋት። ጉያቱ ከከተማው ወጣ ብላ ፍየል የምታረባ የቦረና ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ወተቷን በጮጮ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያኖሯት እነዚያ ፍየሎች ብቻ ናቸው። ጅብ አስቸገረኝ ስትለኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ዓይኑን ከገለጠ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ በነጠላዬ ጠቅልዬ አስታቀፍኳት። ወልደገብርኤል “ጡት አልጣለም፣ ክትባትም አልወሰደም፤ ሦስት ወር ይሙላው” ቢለኝ “አንተ ደግሞ ለውሻም ማኅተም ትፈልጋለህ” ብዬ ጎረቤት አሳቅሁበት።

ቡችላው እንደምንም አደገ፤ በዓመቱ አበደ። ሁለት ፍየል ነክሶ ሲያበቃ ጉያቱንም ቀኝ እጇ ላይ ነከሳት፤ በገዛ ጦሯ ገደለችው። ከዚያ ሆዷ ላይ አሥራ አራት መርፌ ተወጋች። አሥራ አራቱንም ቀን አብሬያት ሄድኩ። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመችው ግን ጉያቱ ናት።

በሃምሳ ስምንት ዳማ እንደገና ስድስት ወለደች። ያን ቀን ማልኩ፤ ሦስት ወር ሳይሞላውና ሳይከተብ ከዚህ አጥር የሚወጣ ቡችላ የለም፣ የአውራጃው ገዥ ቢያስጠሩኝ እንኳ አልሰጥም አልኩ።

አንድ ወር ሲሆናቸው ጥርስ አወጡ፤ ዳማ ሲነክሷት ትታቸው ትነሣ ጀመር። እኔም በወተት የራሰ ቂጣ እያቀመስኩ ከጡት ላለያያቸው ስል ጉያቱ በር ላይ ቆመች።

“አካም፣ ጥሩነሽ? ናጋ?” አለች፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

“ናጋ። ግቢ እንጂ።”

ጮጮዋን አስቀምጣ ቡችሎቹን አየቻቸው። “ወራቤሳ ትናንት አራተኛ ፍየል በላ። አሥራ አንድ ነው የቀረኝ። አንድ ስጪኝ።”

ጅቡን በቋንቋዋ ስትጠራው ንዴቷ ይታወቃል። “ሁለት ወር ጠብቂ” አልኳት። “ያልተከተበ አልሰጥሽም። እጅሽን ተመልከቺ።”

“እጄን አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ ፍየል እወቂ። ውሻ የሚማረው ወተት አፉ ላይ እያለ ነው። አሁን ፍየል ካላሸተተ አድጎ ሰው ነው የሚወደው። ከሰው ጋር እሳት አጠገብ ይተኛል፣ ወራቤሳ ፍየሌን ይበላል።”

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ደጃፍ ሦስት ወር የበላ ቡችላ የሚጮኸው ለእኔ ደጃፍ ነው። ይህን እያወቅሁ “መሐላ መሐላ ነው” ብዬ ድርቅ አልኩ። ጮጮዋን አንሥታ ሄደች።

ሁለት ቀን ወተት አልመጣም። ብሰጣት በሽታው፣ ብከለክላት ጅቡ፤ በየትም በኩል የምትጎዳው እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን የአጥሬ በር ተንኳኳ። ጉያቱ አንዲት ቀይ ፍየል በገመድ ትጎትታለች፣ ሁለት ግልገሎች ከኋላ እየዘለሉ ይከተላሉ።

“ቡችላው ወደ ፍየል አይሄድም አልሽ” አለች። “እሺ፣ ፍየል ወደ ቡችላው መጣ።”

ወልደገብርኤል ከአሬሮ ሲመለስ ሐሳቡ የእኔ ነው ብዬው ነበር። አሁን እንኳ እውነቱን ልናገር፤ የእሷ ነው።

ከማድ ቤቱ ጀርባ በግራር እሾህ ትንሽ በረት አጠርን። ስድስቱንም ቡችሎች አስገባናቸው። ፍየሏ ግልገሎቿን ሊበሉ የመጡ መስሏት አንድ በአንድ በግንባሯ ትወቃቸው ጀመር። ሦስቱ እየጮኹ ሸሹ። አንዱ ጆሮዋን ሊነክስ ዘለለ። አንዷ ነገሩን ከቁም ነገርም ሳትቆጥር ጫማዬን ማኘክ ያዘች። ስድስተኛው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት አቧራ መሳይ ቡችላ፣ ተመትቶ ወደቀ፤ ተነሥቶ በሆዱ ተኛና አንገቱን ዘረጋላት። ፍየሏ አሽትታው ተወችው።

“ይኼ ነው” አለች ጉያቱ። “ተመታ፤ አልሸሸም፣ አልነከሰም። ፍየል አከበረ።”

ከዚያ ትእዛዝ በትእዛዝ አደረገችኝ። አትደባብሺው፣ ቤት አታስገቢው፣ ምግቡን በረት ውስጥ ስጪው። እኔ ቡችላ አይቼ እጄን መሰብሰብ የማልችል ሴት፣ ሁለት ወር ሙሉ እጄን ሰበሰብኩ። ዳማን ቀን በቀን ከልጆቿ እያራቅሁ ሁለት ወር ሲሞላቸው ሁሉም ጡት ጣሉ። የተመረጠው ግን ጡት ሲጥል እንደ ወንድሞቹ አላለቀሰም፤ በሁለቱ ግልገሎች መሃል ገብቶ ተኛ። ፍየሏ በበኩሏ የጓሮ ጎመኔን ጨረሰች፣ አንድ ማኅተም ያለበት የወልደገብርኤልን ደብዳቤም በላች። ጎረቤቱ “ጥሩነሽ ፍየል ለውሻ ዳረች” እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሦስት ወር ሞላ፤ ክትባቱ ግን አልመጣም። ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት የሚያመጣው አውሮፕላን ማረፍ አቃተው። ጉያቱ ቀሪ ፍየሎቿን ጎረቤቷ በረት እያሳደረች በየቀኑ ትመጣለች። “ዛሬስ?” ትለኛለች፤ “ዛሬም የለም” እላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጅቡ ሌላም በልቶባት አሥር ፍየል ብቻ እንደቀራት ስትነግረኝ ወደ በረቱ ገባሁ፣ ቡችላውን በነጠላዬ ጠቀለልኩና “ውሰጂው፣ መሐላዬን እግዜር ይይልኝ” ብዬ ዘረጋሁላት።

ጉያቱ ነጠላውን አየች። ያኔም የሰጠኋት በዚያው ነጠላ ነበር። ቀኝ እጇን ከልብሷ አውጥታ ጠባሳውን አሳየችኝ።

“ላኪ” አለች። እንቢ ማለቷ ነው። “መልሺው። ቀኑ ይድረስ።”

እኔ ሳልችል እሷ ቻለች። እንዲህ ያለች ሴት እህቴ ብላ ስለምትጠራኝ ዛሬም እኮራለሁ።

ከስድስት ቀን በኋላ አውሮፕላኑ አረፈ። መድኃኒቱ በረዶ በሞላበት ተርሙስ መጣ፤ ወልደገብርኤል ካፖርቱን ለብሶ ስድስቱንም ከተበና አንገታቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ አሰረ። በረዶው እንዳይቀልጥ ተርሙሱን ታቅፌ ከአውሮፕላኑ ሜዳ የሮጥኩትን ማንም አይጽፍልኝምና እኔው ልናገረው። ክትባቱ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ቆይተን አንዱን ወደ ሻኪሶ፣ ሁለቱን ወደ ወደራ፣ ሁለቱን እዚሁ ለምናውቃቸው ሰጠን። ጉያቱም ፍየሏን ጎትታ ወጣች። ቡችላው ከግልገሎቹ ኋላ ተከተለ፤ አንዴ እንኳ ዞሮ አላየኝም። እንባዬ መጣ። አለመዞሩ ነው ያኮራኝ፤ ፍየሎቹ ሆነዋል ዘመዶቹ።

በዓመቱ እሷ በሰፈረችበት በኩል ያበደ ቀበሮ አለፈ ተባለ። ውሾች ነክሷል፣ ሰዉም ውሾቹን እየወጋ ነው አሉ። ጉያቱ ደግሞ አትመጣም። ሰው ብልክ “እንዳትመጪ ብላለች” የሚል መልስ አመጣልኝ። ስንት ቀን እንደቆጠርኩ እኔ አውቃለሁ።

በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጉያቱ ጦሯን ይዛለች። አጠገቧ ወገቧ ድረስ የሚደርስ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጆሮው የተቀደደ ውሻ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ቆርቆሮው አለ።

“ቀበሮው ፍየል ሊነክስ ገባ፣ እሱ ገደለው” አለች። “ጆሮውን ግን ነከሰው። ሰው ሁሉ ውጊው አለኝ። እኔ ዛፍ ላይ አሰርኩት፣ ከሩቅ በእንጨት ውኃ ገፋሁለት፣ አርባ ቀን በዚህ ጦር ጠበቅሁት። በሰፈራችን አምስት ውሻ አለቀ። እሱ አላበደም። ሃያ ሦስት ፍየል አለኝ።”

እጄን ወደ ውሻው ሰደድኩ። “አሁን ደባብሺው፣ ተፈቅዶልሻል” አለች። አቀፍኩትና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

“ዳማ መቼ ነው የምትወልደው?” አለችኝ ቀጥላ።

“ምን ያስቸኩልሻል?”

በጦሯ ጫፍ ወደ ውጭ አመለከተችኝ። ብቅ ብዬ አየሁ። አምስት ሴቶች አጥሬ ሥር ቆመዋል። ወጉን ነግራቸዋለችና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የወለደች ፍየል በገመድ ይዘዋል።

ዳማ ገና መውለጃዋ ሩቅ ነበር። እኔ ግን ጓሮዬን ዞር ብዬ አየሁት፤ ጎመኑ እንደገና አምሮበታል። “ደህና ሁን” አልኩትና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ።