የሙዐዊያ ዘበኛ

«ታዲያ የልጄ ድምፅ የት ገባ?» አሉ እትዬ ሐምዲያ።

ናጅዋ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። ከፊቷ ያለው የኮምፒውተር ገጽ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሰማያዊ ነው። ትናንት እዚያ ላይ የሰርግ ጥሪው፣ ጉርድ ፎቶው፣ የኪራይ ውሉና የሙት ዓመት ማስታወቂያው ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ማሾ ተበትኖ ነበር። ዛሬ ከቆሻሻ መጣያዋ ምስል በቀር ምንም የለም። ከታች በስተቀኝ ብቅ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የገባችው በጊዜያዊ ፕሮፋይል መሆኑን፣ እዚህ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ አብሮ እንደሚጠፋ ይናገራል።

«እየፈለግን ነው፣ እትዬ» አለች። «ገበያዎን ጨርሰው ይመለሱ።»

እትዬ ሐምዲያ የማሾ ከረጢታቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ። ከቀወት ገጠር የሚመጡት በገበያ ቀን ብቻ ነው።

ሱቁ የፍቅሩ ነው። ፍቅሩ የደብረ ሲናን ብርድ ሸሽቶ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተ ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው፤ ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም። ከአንገቱ ፎጣ አይለይም። የእትዬ ሐምዲያ ልጅ ሙዐዊያ እሱ ዘንድ ሲጽፍና ሲያትም ከርሞ፣ እንደ ብዙ እኩዮቹ አንድ ቀን በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ሊያቀና ተነሣ። ሲሄድ የቴሌግራም መለያውን ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ክፍት አድርጎ ተወው። እናቱ ያላቸው ኢንተርኔት የማታውቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። እሱ በመንገድ ላይ በያዘው አዲስ ቁጥር ድምፁን እየቀዳ ወደ አሮጌው መለያው ይልካል፤ እሳቸው በገበያ ቀን መጥተው ፍቅሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይሰማሉ፤ ከዚያም መልሳቸውን ተናግረው ይሄዳሉ። የመጨረሻው ድምፅ፣ «እማ፣ ባሕሩ ዳር ነን። ነገ እንሻገራለን። ዱዓ አድርጊልኝ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያ መጥቶ ገበያ ሄዷል፤ «ተሻገርኩ» የሚል ቃል ግን አልመጣም። ቢመጣ የሚመጣው በዚህች ኮምፒውተር በኩል ብቻ ነው። ኮምፒውተሯ ደግሞ ይኸው ባለቤቷን አላውቅህም ብላለች።

ፍቅሩ ናጅዋን ያስጠራው ሌላ ሰው አጥቶ ነው። የሽንኩርት ነጋዴው የሱሌይማን ልጅ ናት፤ ማሌዥያ ሄዳ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች። ተመለሰች ይባል እንጂ ሻንጣዋ ውስጥ ካለው ዕቃ ግማሹን አውጥታለች፣ ግማሹን አላወጣችም። የከተማው ሰው ሲያገኛት «መቼ ነው የምትሄጂው?» ይላታል። «ልትቆዪ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቃት እስካሁን የለም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ጠዋት እንደገባች ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አብርቶት እንደሆነ ስትጠይቀው ፍቅሩ ፊቱን በፎጣው ጠረገና፣ «ማሌዥያ ድረስ የሄድሽው ለዚህ ነው?» አላት። «እሱንማ የባጃጅ ሾፌሮቹም ነግረውኛል።»

ሳቀች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ነገር ደግ ነበር፤ የፍቅሩ አሮጌ ማኅደር ሲ ድራይቭ በሚባለው የኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከተጠቃሚዎቹ መካከል፣ ክብደቱን እንደያዘ ተቀምጧል። ዕቃው አልጠፋም። የጠፋው ዕቃው ወዳለበት ክፍል የሚያስገባው ቁልፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የተጠቃሚውን ልማድ የሚያነብበት አንድ ፋይል አለ፣ እሱ ተበላሽቷል። ቀጥላ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ስታይ ምክንያቱን አገኘችው። አንቲ ቫይረስ አለ። ከሥሩ ሌላ አንቲ ቫይረስ አለ።

«ጋሼ ፍቅሩ፣ በአንድ በር ሁለት ዘበኛ ምን ያደርግልዎታል?»

ፍቅሩ ነገሩን ሲያስረዳ ጥፋት እንደሠራ ሰው አልነበረም። አንደኛውን የጫነው ሙዐዊያ ነው፤ ሊሄድ ሲል በመጨረሻው ከሰዓት፣ «እኔ እስክመጣ ይሄ ይጠብቅህ» ብሎ። ሁለተኛውን መምህር ሀብታሙ ናቸው ያመጡት፤ ባለፈው ሳምንት ፈተና ሊያሳትሙ መጥተው፣ «ኮምፒውተርህ ታሟል» ብለው ከፍላሻቸው ሳይጠየቁ ጫኑለት። ሰው ደግ አስቦ ዘበኛ ሲያመጣልህ ወደ ቤቱ መልሰው አይባልም። የሙዐዊያንስ ቢያነሣው? ናጅዋ ይህንን ስትጠይቅ ፍቅሩ እሷን ራሷን ታሞ እንደመጣ ሰው አያት።

«መንገደኛ ያኖረውን ‘ደረስኩ’ ሳይል የሚያነሣ ማን ነው? አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?»

የዚህ አገር ልጅ ነበረች። እናቷ እሷ ማሌዥያ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ መስኮቱ ላይ ትታው የሄደችውን ማበጠሪያ አላነሡም። ስትመለስ አቧራ ለብሶ እዚያው አገኘችው። ትምህርት ቤት ስለ ሁለት አንቲ ቫይረስ የተማረችው አንድ መስመር ነበር፤ በአንድ ማሽን ላይ ሁለቱን አትጫን፣ አንዱ ሌላውን ሌባ ያደርገዋል። አንደኛው የመንገደኛ አደራ ከሆነ ምን እንደሚደረግ መምህሩ አልተናገረም።

በመምህር ሀብታሙ ዘበኛ ጀመረች። ፍቅሩ ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አይሆንም ብሎ ደወለ። መምህሩ ምንም ቅር እንዳላላቸው ተናገሩ፤ ከዚያም ቅር እንዳላላቸው ለማስረዳት ስልኩን ረጅም ጊዜ ያዙት። ፍቅሩ «አዎ መምህር… ኧረ ጥሩ ነበር መምህር…» እያለ ናጅዋን በእጁ አውጪው፣ አውጪው ይላት ነበር። ወጣ።

ቀጥላ አሮጌው ፕሮፋይል ይጠገን እንደሆነ ሞከረች፤ ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ እንደገና ባዶ ሰማያዊ ላይ ወደቀ። ስለዚህ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥራ ዕቃውን ወደ እሱ ማዛወር ጀመረች። አዲሱን «ፍቅሩ ሁለት» ብላ ሰየመችው።

«ሳልሞት ተተኪ ተሾመብኝ» አለ ፍቅሩ።

የሰርግ ጥሪው ተመለሰ። ጉርድ ፎቶው ተመለሰ። የሙት ዓመቱ ማስታወቂያ ከነሐዘኑ ተመለሰ። ፍቅሩ ደስ ብሎት ከጎረቤት ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ አስመጣ። ናጅዋ ግን አልጠጣችም፤ የተደበቀውን ማኅደር ከፍታ የቴሌግራሙን ቦታ ስታየው ባዶ ነበር።

የቴሌግራሙን ፋይሎች ያገኘቻቸው የሙዐዊያ ዘበኛ ባበጀው እስር ቤት ውስጥ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የጠረጠሩትን ፋይል ቆልፈው የሚያስቀምጡበት ጓዳ አላቸው። ሁለቱ ዘበኞች ሲጣሉ፣ የመምህሩ ዘበኛ የቴሌግራሙን ፋይሎች ሊፈትሽ ሲነካካቸው፣ የሙዐዊያው ደግሞ የተነካው ሁሉ የተበከለ መስሎት ጠቅልሎ አስሯቸዋል። ልቀቅ ስትለው ይለቃል፤ ዓይኗን ሳትነቅል እዚያው መልሶ ያስራል። ጓዳውን በሌላ ቁልፍ መክፈት አይቻልም፤ ያሰረው ራሱ ካልፈታ የታሰረው አይነበብም። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ዘበኛውን ማሰናበት። ሲሰናበት ያሰርኩትን ልመልስ ወይስ ላጥፋ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ቢባል ደህናውን ሊመልስ ይችላል፤ ከታደሰ የቆየ አሮጌ ፕሮግራም ነውና ቆራርጦ ሊመልስም ይችላል። ናጅዋ ሁለቱንም አይታለች።

መለያውን እንደ አዲስ መክፈትም ታስቦ ነበር። የማረጋገጫው ቁጥር የሚሄደው ግን ወደ ሙዐዊያ አሮጌ ሲም ነው፤ ሲሙን ከነአሮጌ ስልኩ መንገድ ላይ ሸጦታል። ምትክ ይውጣለት ቢባል ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ በአካል መምጣት አለበት። ባለቤቱ ቢመጣማ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልግ ነበር።

ፍቅሩ አይነካም አለ። ቃሉ እስኪመጣ ይቆይ፣ ማን ያውቃል። ናጅዋ ቃሉ የሚመጣበት በር ራሱ እንደተዘጋ ደጋግማ ብታስረዳውም ፎጣውን እያጠፈ መልሶ ይዘረጋ ነበር። እሷም አጥብቃ አልተከራከረችውም። እውነቱን ለመናገር እምቢ እንዳለ ቢቀርላት ደስ ይላት ነበር፤ ለእናት የቀረውን የልጅ ድምፅ በገዛ ጣቷ ያጠፋች ሆና ከምትቀር፣ ነገ ሻንጣዋን ዘግታ ብትሄድ ይሻላት ነበር። ይህንን እያሰበች ሳለ እትዬ ሐምዲያ ባዶ ከረጢታቸውን አጥፈው በብብታቸው ይዘው ገቡ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ናጅዋ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፣ በዘበኛና በእስር ቤት፣ ሌላ ቋንቋ አልመጣላትም።

«ይሄ ሙዐዊያ ያቆመው ነው፣ የልጄን ድምፅ ያሰረው?»

«አዎ፣ እትዬ። ሌባ የነካው መስሎት።»

«ብታባርሪው የያዘውን ደህና አድርጎ ይመልሳል?»

«አላውቅም» አለች ናጅዋ። ይህን ቃል ከተመለሰች ወዲህ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። «ሊመልስም ይችላል፤ አበላሽቶም ሊሰጠን ይችላል። አላውቅም።»

ፍቅሩ ጣልቃ ገባ። «እትዬ ሐምዲያ፣ የእጁ ነገር ነው። ደረስኩ ሳይል…»

«አውቃለሁ» አሉት። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «እኔም ቤት አልጋውን ከቦታው አላነሣሁም። ጫማው በር ሥር ነው፤ ዶሮ ገብታበት እንቁላል ጣለችበት፣ አሁንም አላነሣሁትም። ግን አልጋው ማንንም አላሰረብኝ፣ ጫማውም አላሰረብኝ። ይሄኛው አስሮብኛል።» ወደ ናጅዋ ዞሩ። «አውጪው።»

ፍቅሩ ማየት አልፈለገም። ወጥቶ ከባጃጆቹ መካከል ቆመ፣ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ። እትዬ ሐምዲያ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ናጅዋ ማስወገጃውን ተጫነችው። ዘበኛው እንደተባለው ጠየቀ። ይመለስ አለችው። አንድ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ውጭ የሽንኩርት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጡሩንባውን ይነፋ ነበር። መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰና አለቀ።

ማኅደሩን ወደ ፍቅሩ ሁለት ገልብጣ ቴሌግራሙን ስትከፍተው ቁጥርም ማረጋገጫም አልጠየቃትም። ከላይ የሙዐዊያ ፎቶ ብቅ አለ፤ እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ፍቅሩ ጉርድ ፎቶ በሚያነሣበት ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ለፊት የተነሣው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ሐምዲያ። ከዚያ ወደ ማያው ጠጋ ብለው፣ «አዲስ አለ?» ብለው ጠየቁ።

አልነበረም። የመጨረሻው ያው የባሕሩ ዳር ነበር። ናጅዋ ኢንተርኔቱን አጥፍታ መልሳ አበራች፣ ጠበቀች፣ እንደገና አየች። «የለም፣ እትዬ» አለች።

አሮጌዎቹን ከመጀመሪያው ጀምረው ሰሙ። ፍቅሩም ድምፁን ሲሰማ ገብቶ በሩ ላይ ተደገፈ። ሙዐዊያ ከጅቡቲ መንገድ ላይ የቤታቸውን አህያ ሁኔታ የጠየቀበትን እትዬ ሐምዲያ ሁለት ጊዜ አስደገሙት፤ አህያዋ ከእሱ ይልቅ ለእናቱ እንደምትታዘዝ ሲናገር ራሱ ይስቃል። ናጅዋ ድምፆቹን ስልካቸው ወደሚያጫውተው ዓይነት ቀይራ በአንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫነችላቸው፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑም አሳየቻቸው። ከእንግዲህ ለመስማት ገበያ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመላክ ግን ያው ሱቁ ነው።

«አሁን ልናገር» አሉ።

ናጅዋ ማይክራፎኑን አስጠጋችላቸው።

«ሙዐዊያ፣ ያቆምከውን ዘበኛ አስወጥቼዋለሁ፤ ፍቅሩን አትቀየመው፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ከኮምፒውተሩ አውጥተው ድምፅህን ስልኬ ላይ አደረጉልኝ። አህያዋ ደህና ናት። ማሾው ዘንድሮ ደግ ነው። የተሻገርክ እንደሆነ አንድ ቃል በለኝ። ዘበኛህን ስትመጣ ራስህ ትመልሰዋለህ።»

ተላከ። ከመልእክቱ ጎን አንድ ትንሽ ምልክት ወጣች፤ ሲነበብ ሁለት ትሆናለች ብላ ናጅዋ አስረዳቻቸው። እትዬ ሐምዲያ ምልክቷን በጣታቸው ሳይነኩ አመለከቱና፣ «ይቺ?» አሉ። «አዎ፣ ይቺ።» ከረጢታቸውን ይዘው ለመጨረሻው ባጃጅ ወጡ።

ናጅዋ በቀጣዩ ገበያ ቀን ሱቁ ነበረች፣ በሚከተለውም። ፍቅሩ መቼ ነው የምትሄጂው አላላትም፤ በርጩማ ብቻ አምጥቶ ከእትዬ ሐምዲያ በርጩማ አጠገብ አስቀመጠላት። እሳቸው ይገባሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ሦስቱም ወደ ማያው ይጠጋሉ።

ምልክቷ እስካሁን አንድ ናት።