ጉንዳን የማይወጣበት ጎጆ

ሌሙኤል ታርቨር ከእሳት ጉንዳን ጋር ጠብ ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል። በደቡብ አላባማ ጉንዳንን ያልረገመ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ዝናብ ባባራ ማግስት ግቢው ሁሉ ኩይሳ በኩይሳ ይሆናል። ሳታይ የረገጥክ እንደሆነ ድምፅ ሳያሰሙ እስከ ባትህ ይወጡና፣ የተማከሩ ይመስል፣ ሁሉም ባንዴ ይነድፉሃል። ሰው እንግዲህ ይዘላል፣ ይራገማል፣ ሱሪውን አውልቆ ይሮጣል። ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ግን ምን ያድርግ?

ሽማግሌውን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር። ሬባ የምትባለው ውሻው አርግዛለች። ከአባቱ የወረደው የጥንቸል አዳኝ ውሾች ዘር እሷ ላይ ደርሶ ቆሟል። ወንድሟን ባለፈው ዓመት አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጨው፣ የቀሩት አርጅተው ሞቱ። እሷም ስምንት ዓመት ሞልቷታል። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ዳብሶ፣ እንደ አገሬው በቤተ ክርስቲያን ማዕረጉ እየጠራው፣ "ዲያቆን፣ ከዚህ በኋላ አትወልድም። ይቺን በደህና ያገላግልህ" ብሎታል። ባገሩ ወንድ በውሻው ነው የሚጠራው። "የታርቨር ውሻ" ከተባለ፣ ጥንቸሏን አዙሮ አዙሮ ባለቤቱ ወደቆመበት መልሶ የሚያመጣ ማለት ነው። እነዚህ ቡችሎች ካልተረፉ ስሙም ከሌሙኤል ጋር መቃብር መውረዱ ነው።

ስለዚህ ጎጆዋን በአራት እግር ከመሬት አነሳት። እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሞላ ጣሳ ውስጥ አቆመ፤ ጉንዳን ውሃ ላይ ቢንሳፈፍም ዘይት አይሻገርም። ዝናብ እንዳይገባባቸው ከየጣሳው በላይ ቆርቆሮ ቆርጦ እንደ ባርኔጣ ደፋላቸው። ዙሪያውን ያለውን ሣር ሙልጭ አድርጎ አጨደ። መወጣጫ ሳንቃ እንኳ አላስጠጋም፤ ከፍታው ከጉልበት ስለማይበልጥ ሬባ ዘላ ትወጣለች፣ ዘላ ትወርዳለች።

ጎረቤቱ ክሊዮፈስ ቦይኪን አጥሩን ተደግፎ ሲያየው ዋለ።

"ዲያቆን፣ ለሚስትህ ቤት ስትሠራ እንዲህ ተጠበህ አታውቅም። ጣሪያው ያፈሳል ካለችህ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አፍህን ዝጋና መዶሻውን አቀብለኝ።"

"የበቆሎ ቅንጬ ብትበትንላቸውስ? እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ቅንጬውን በልተው ውሃ ሲጠጡበት ሆዳቸው ይፈነዳል ትል ነበር።"

"አምና ስትበትን አይቼሃለሁ። ወፍረው ነው ወደኔ የመጡት!"

ክሊዮፈስ አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። የቡችሎቹ አባት የሱ ውሻ ነው፤ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ መርጦ የሚወስደውም እሱ ነው። ስለዚህ ቀልዱን ይቀልድ እንጂ ጣሳዎቹን አንድ ባንድ ጎንበስ እያለ ሳያይ ቤቱ አልገባም።

የሌሙኤል ሚስት ቬርሊን ግን ነገሩ ከመጀመሪያውም አልጣማትም።

"ሌም፣ ምን አለበት ቤት ብታስገባት? ልብስ ማጠቢያው ክፍል ባዶ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ አነጥፍላታለሁ።"

"ቤት ውስጥ የተወለደ ውሻ ውሻ አይሆንም። የሳሙናና የጥብስ ሽታ ገና ከጅምሩ አፍንጫውን ያበላሸዋል። አባቴ አንድም ቀን ቤት ውስጥ አስወልዶ አያውቅም።"

"በአባትህ ጊዜ ጉንዳኑ እንዲህ ነበረ?"

"የታርቨር ውሻ በገዛ ግቢው የጥድ ቅጠል ላይ ነው የሚወለደው። አለቀ!"

"እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው" አለችና ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። ለነገሩ ያህል ነው የተናገረችው፤ መከራ የመጥራት ሐሳብ አልነበራትም።

ሬባ ዓርብ ከሰዓት ወለደች። ስድስት! አራት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ሌሙኤል እያንዳንዱን በመዳፉ እየያዘ አገላብጦ አየ። አንደኛዋ ሴት ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት፤ የአባቱ የመጀመሪያዋ ውሻ እንዲሁ ነበረች። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሲያለቅስ ማንም እንዳያየው ጎጆው ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ ቆየ። ክሊዮፈስ ያቺን ባለ ነጭ ግንባር ሊመርጥ ከጅሎ፣ የጓደኛውን ፊት አይቶ ተዋት። "እኔ ወንድ ነው የምፈልገው" አለ፣ ውሸቱን።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ማሳ ዋጠው። እሁድ ጠዋት ዝናቡ አባራ፣ ግን ብርድ ነበር። ሌሙኤል የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ፣ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ረጅም ጓንት አጥልቆ ወደ ጎጆው ሄደ። ጣሳዎቹን አየ። ዘይቱ ንጹህ ነው፤ አንድ ጉንዳን የለም። ተመስገን አለ። ነፋስ የነዳው ዝናብ ግን በበሩ ገብቶ መኝታቸውን አርሶታል፤ ቡችሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ቬርሊን መኪናው ውስጥ ሆና ጥሩንባ ትነፋለች፤ እሱ ደግሞ የዕለቱን ጸሎት የሚከፍት ዲያቆን ነው።

ከጥዶቹ ሥር፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ በመከር ሰብስቦ የከመረው የጥድ ቅጠል ነበረው። ላይ ላዩን ገፎ፣ ከመሐል ደረቅ ደረቁን አንድ እቅፍ አነሳ። አነጠፈላቸው። ሬባ እጁን በጓንቱ ላይ ላሰችው። ስድስቱም ገብተው ጡት ሲይዙ አይቶ፣ ልቡ ሞልቶ ሄደ።

ያን ቀን ስብከቱ ረዘመ። መቼስ የማይረዝምበት እሁድ የለም። ሲወጡ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ቀድማ ያየችው ቬርሊን ነች። "ሌም... በሩ ምን ሆኗል?"

የጓሮ በሩ የሽቦ ወንፊት ከታች ተቦጫጭቋል። ደረጃው ላይ አምስት ቡችሎች ተደርድረዋል። ሬባ ስድስተኛዋን በአፏ አንጠልጥላ ግቢውን እያቋረጠች ነበር። አመጣችና ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ በሩን ትቧጭረው ጀመር፤ መዳፏ ይደማል።

ሌሙኤል ከነሙሉ ልብሱ ተንበረከከ። ቡችሎቹ አብጠዋል። በጆሯቸው፣ በአፋቸው፣ ባልተገለጠው የዓይናቸው መክደኛ ላይ ቀይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። በባዶ እጁ ጠረገ፣ ነፋ፣ ጠረገ። እጁን እየነደፉት ነበር፤ አልተሰማውም። አራቱ ደርቀዋል። አምስተኛው አንዴ አፉን ከፍቶ ዘጋ፣ በቃ። ባለ ነጭ ግንባሯ ብቻ ትተነፍሳለች።

"አምጣት! ወደ ውስጥ አምጣት!" ቬርሊን ባርኔጣዋን ወርውራ በሩን በረገደችው።

ለብ ባለ ውሃ አጠቧት። ያን አሮጌ ብርድ ልብስ አወጡ። ሐኪሙ ስልክ አላነሳም፤ እሁድ የሚሠራው ሰባ ማይል ይርቃል። ሌሙኤል ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሲደባብስ ቬርሊን እጁን ያዘችው። "ተወው፣ ሌም። አልፋለች" አለችው።

ክሊዮፈስ ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ ሌሙኤል ጎጆው ሥር በደረቱ ተኝቶ ነበር። አንዱን ጣሳ አየ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አየ።

"በየት ነው የወጡት?" አለ። "ንገረኝ እንጂ ክሊዮ፣ በየት በኩል ነው የወጡት?"

ክሊዮፈስ ጭንቅላቱን ወደ ጎጆው አስገባና የጥድ ቅጠሉን በዱላ ገለጠው። ከሥሩ አፈር ጓል ነበረበት፤ በጓሉ ውስጥ እንደ ሩዝ የነጣ እንቁላል፣ ሺህ በሺህ። ጎርፉ ከታች ሲያባርራቸው ከፍ ወዳለው ክምር ወጥተው እዚያ ከተዋል። ጠዋት በብርዱ ደንዝዘው ነበር፤ ፀሐይ ስትሞቃቸው ተነሡ።

"አልወጡም" አለ ክሊዮፈስ በመጨረሻ። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። "ከዚህ ነው የመጡት፣ ወንድሜ።"

ሌሙኤል ገባው። ጉንዳኖቹን እንደ ሕፃን አቅፎ አስገብቷቸዋል። ያን ሁሉ ቀን ጣሳ ሲያስተካክል፣ ሣር ሲያጭድ፣ የቡችሎቹ ገዳይ በሱ ክንድ ተይዞ ነው የገባው። ቤት እንዳይወለዱ እምቢ ያለው እሱ፣ የቤቱን በር ቆልፎ የሄደውም እሱ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ቀብሩን ክሊዮፈስ ቆፈረ። ሬባን ግን ከጉድጓዱ አጠገብ ማራቅ አቃታቸው፤ ቬርሊን ናት በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ወደ ወጥ ቤት ያስገባቻት። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል። የሚጠባ የለም። ቬርሊን እብጠቱን እንዲያበርድላት ቀዝቃዛ የጥቅል ጎመን ቅጠል እያቀበለች፣ ሌሙኤል ወለሉ ላይ ተቀምጦ ባንድ እጁ እየደገፋት ቅጠሉን አንድ ባንድ ይለጥፍላታል። ሲነካት ያማታል፤ ትንቀጠቀጣለች። እጁ ሁሉ መግል በቋጠሩ ነጠብጣቦች ተሸፍኗል።

"ነገ ይሻላታል" አለች ቬርሊን። ነግሬህ አልነበረም አላለችውም። ምነው ባለችው! ሙልጭ አድርጋ ብትሰድበው፣ መጥበሻ ብትወረውርበት ይቀለው ነበር።

ሬባ አንገቷን አዙራ እጁን አሸተተችው። ከዚያ ትልሰው ጀመር፤ እያንዳንዱን የተነደፈ ጣት፣ በዝግታ፣ ቡችሎቿን እንደምታጸዳ።

"ተይ" አላት። አልተወችም። "ተይ ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ። ንከሺኝ። እባክሽ ንከሺኝ።"

ጭራዋን አንዴ ወለሉ ላይ መታችና መላሷን ቀጠለች።